ጭል ጭል፣ ድርግም፣ ቦግ፦ በሞያሌ የመኪና መብራት ሲጠገን የሚነገረው አማርኛና የሙያ ቃላት ዝርዝሮቻችን

የአማርኛ የሙያ ቃላት ጥናት ከስም ይጀምራል፤ አብዛኛውን ጊዜም በስም ያበቃል። አንድ መሣሪያ ከውጭ ሲገባ ክፍሎቹ ይቆጠራሉ፤ ለእያንዳንዱ ክፍል አቻ ቃል ይፈለጋል፤ አቻ ከታጣ ከግእዝ ሥር ይወጣለታል፤ ይህም ካልተሳካ የባዕዱ ቃል በፊደላችን ተጽፎ ይገባል። በ1980ዎቹ መጨረሻ ታትሞ የወጣው «የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት» የዚህ አሠራር ትልቅ ፍሬ ነው። ብዙ ሊቃውንት የደከሙበት ሥራ ስለሆነ በዋዛ የሚነቀፍ አይደለም፤ እኔም ስማር ተጠቅሜበታለሁ። ነገር ግን የተደራጀው ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ነው። ቃሉን ለማግኘት አስቀድሞ እንግሊዝኛውን ማወቅ ያስፈልጋል። በመንገድ ዳር ተንበርክኮ የጭነት መኪና የኋላ መብራት የሚመረምር ሰው በእጁ ያለው የእንግሊዝኛ ቃል አይደለም፤ በዐይኑ የሚያየው የብርሃን ጠባይ ነው።

ይህ ጽሑፍ የሚነጋገረው ስለዚያ ጠባይ ስያሜ ነው። መስኩ ጠባብ ነው፤ የመኪና መብራት ብልሽት እንዴት እንደሚነገርና በንግግሩ መነሻነት እንዴት እንደሚለይ። ቦታውም አንድ ነው፤ በኬንያ በኩል ያለው ሞያሌ። ክርክሬ እንዲህ ነው፦ አንዱን የመብራት ብልሽት ከሌላው የሚለየው አማርኛ የሚገኘው በክፍሎች ስም ውስጥ ሳይሆን በግሶች፣ በተለይም «አለ» ከሚለው ግስ ጋር በሚጣመሩት ቃላት ውስጥ ነው። ዝርዝሮቻችን ግን እነዚህን ቃላት የግጥምና የተረት ንብረት አድርገው ትተዋቸዋል።

ሞያሌ አንድ ስም ያላቸው ሁለት ከተሞች በድንበር ተከፍለው ጎን ለጎን የቆሙበት ቦታ ነው፤ አንዱ በኢትዮጵያ፣ ሌላው በኬንያ ማርሳቢት ካውንቲ። በኬንያው ሞያሌ ገበያ የቦረና ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ ቡርጂኛ፣ ስዋሂሊ፣ እንግሊዝኛና አማርኛ ይሰማሉ። ከኢሲዮሎ የሚመጣው 500 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን መንገድ አስፋልት ለብሷል፤ የሁለቱ አገሮች መሪዎችም ኅዳር 30 ቀን 2013 ዓ.ም. የጋራውን የድንበር መቆጣጠሪያ ጣቢያ በይፋ ከፍተዋል። ከመንገዱ ዳር በቆርቆሮ ጥላ ሥር የሚሠሩትን ጠጋኞች ኬንያውያን «ጁዋ ካሊ» ይሏቸዋል፤ የበረታ ፀሐይ ማለት ነው። ጠጋኙ ራሱ «ፉንዲ» ይባላል፤ አማርኛ ተናጋሪዎቹ ሾፌሮችም ድንበሩን እንዳለፉ «መካኒክ» የሚለውን ትተው «ፉንዲ» ይላሉ።

አስቀድሜ የራሴን ጥፋት ልናገር። ወደ ሞያሌ የሄድኩት በሥዕል የተደገፈ መጠይቅ ይዤ ነበር፤ የመኪና ፊት፣ የመኪና ኋላ፣ የመሪው አካባቢ፣ የፊውዝ ሣጥን። ጣቴን በሥዕሉ ላይ አድርጌ «ይህ ምን ይባላል?» እያልኩ ሁለት ቀን ሙሉ ስሞች ሰበሰብኩ። የፊት መብራት፣ ፍሬቻ፣ የፍሬን መብራት፣ የታርጋ መብራት፣ አምፖል፣ ሽቦ፣ ሶኬት፣ ፊውዝ፣ ሪሌ፣ ባትሪ። በጎናቸውም የስዋሂሊውን «ታአ»፣ «ባልቡ»፣ «ዋያ»፣ «ቤትሪ» ደረደርኩ። ዝርዝሩ ለዐይን ያማረ ነበር። ጉድለቱ የታየኝ በሦስተኛው ቀን ነው፤ ከሰበሰብኳቸው ስሞች በአንዱም የተበላሸ መብራት ማስጠገን አይቻልም ነበር።

በዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ ከሐዋሳ የመጣ አንድ አይሱዙ ጥላው ሥር ቆመ። ሾፌሩ ወደ ሃምሳ ዓመት የሚጠጋ ሰው ነው። ጠጋኙ የቦረና ወጣት ሲሆን አማርኛውን የለመደው ከደንበኞቹ ነው። ሾፌሩ ከመቀመጫው ሳይወርድ፣ «ወንድሜ፣ ፍሬን ስረግጥ የፍሬኑ መብራት አይበራም፤ ፍሬቻው ነው ጭል ጭል የሚለው» አለ። ወጣቱ «ጋሼ፣ አንዴ ይርገጡልኝ» ብሎ ወደ ኋላ ሄደና አየ። አምፖሉን አልፈታም፤ የፊውዙን ሣጥንም አልከፈተም። ቁራጭ ሽቦ አንሥቶ አንዱን ጫፍ ከሻሲው ንጹሕ ብረት፣ ሌላውን ከመብራቱ የብረት አቃፊ ጋር አገናኘ። የፍሬኑ መብራት ቦግ አለ። «ማሳ ነው» አለ። የቀረው የእጅ ሥራ ነበር፤ የዛገውን ብሎን ፈታ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈተገው፣ መልሶ አሰረው። ሩብ ሰዓት አልፈጀበትም።

እዚህ የሆነውን ነገር ቀስ ብሎ ማየት ይገባል። በኋላው መብራት ሣጥን ውስጥ ያሉት የፍሬን፣ የፍሬቻና የፓርኪንግ አምፖሎች ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ የሚመለሱት በአንድ የጋራ መንገድ ነው። ያ መንገድ በዝገት ሲዘጋ ወደ ፍሬኑ አምፖል የደረሰው ኮረንቲ መውጫ ያጣል። መውጫ ሲያጣ በፍሬቻው አምፖል ውስጥ አልፎ በፍሬቻው ሽቦ እስከ ፊተኛው ፍሬቻ ይሄዳል፤ የሻሲውን ብረት የሚያገኘው እዚያ ነው። ብዙ አምፖሎች በአንድ መንገድ ላይ ተከታትለው ስለሚሰለፉ ለእያንዳንዳቸው የሚደርሰው ኃይል ጥቂት ነው፤ ስለዚህ አንዱም በወጉ አይበራም፣ አንዱም ፈጽሞ አይጠፋም። ሾፌሩ በተናገረው አንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ለምርመራው የሚያስፈልገው ሁሉ ነበር፦ ብልሽቱ መቼ እንደሚታይ («ስረግጥ»)፣ የት እንደሚታይ («ፍሬቻው») እና ምን እንደሚመስል («ጭል ጭል»)። ከሦስቱ በእኔ ዝርዝር ውስጥ የነበረው «ፍሬቻ» ብቻ ነው። የዐረፍተ ነገሩ አሠራርም ሥራ ሠርቷል፤ «ፍሬቻው ጭል ጭል ይላል» ከማለት ይልቅ «ፍሬቻው ነው ጭል ጭል የሚለው» ማለቱ መብራት የማይጠበቅበት ቦታ መብራት እንደታየ ይናገራል። ወጣቱ ወደ ማሳው ያመራው በዚህ ነው ብዬ አምናለሁ።

የብርሃን ጠባይ ቃላት

ከዚያ በኋላ ሥዕሉን አጥፌ ጥያቄዬን ለወጥኩ። «ምን ይባላል?» በማለት ፈንታ «ምን ሆነ?» ማለት ጀመርኩ። የመጀመሪያው ጥያቄ ስም ይጠራል፤ ሁለተኛው ግስ ይጠራል። በጥቂት ቀናት የሰማሁት ቃል ብዙ ባይሆንም አደረጃጀቱ አስደነቀኝ።

«ድርግም አለ» ሲባል መብራቱ ያለ ማስጠንቀቂያ በአንድ ጊዜ ጠፍቷል። ጠጋኙ የሚያስከትለው ጥያቄ «አንዱ ነው ሁለቱም?» የሚል ነው። አንዱ ብቻ ከሆነ ወደ አምፖሉ ይሄዳል፤ ሁለቱም በአንድ ቅጽበት ከሆነ ሁለት አምፖል አብሮ ይቃጠላል ብሎ መገመት ይከብዳልና ወደሚጋሩት ነገር፣ ወደ ፊውዙ፣ ወደ ሪሌው ወይም ወደ ማብሪያው ይሄዳል። «ቦግ ብሎ ጠፋ» ከዚህ ይለያል። ከመጥፋቱ በፊት ደምቋል። ይህ የአምፖሉ የውስጥ ክር ዕድሜ ማለቁን ብቻ ሊያመለክት ይችላል፤ ነገር ግን ተደጋግሞ ከተነገረ ጠጋኙ አዲስ አምፖል ከማስገባቱ በፊት ዲናሞውን ይጠረጥራል። በ12 ቮልት መኪና ሞተሩ ሲሠራ የሚለካው ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት ገደማ ነው፤ ከ15 ሲያልፍ አምፖል በአምፖል ላይ ይቃጠላል። ባለ 24 ቮልት የጭነት መኪና ላይ የ12 ቮልት አምፖል የገጠመ ሰውም የሚያየው ይህንኑ ነው።

«ብልጭ ድርግም ይላል» ሁለት ተቃራኒ ሁኔታዎችን ያጣመረ ሐረግ ነው፤ ብልጭታውና ጨለማው እየተፈራረቁ መሆናቸውን ቅርጹ ራሱ ያሳያል። የሚያመለክተውም ይነካል፣ አይነካም የሚል ላላ ያለ መገናኛን ነው። ፉንዲው መብራቱን በመዳፉ መታ መታ ያደርጋል፤ ከምቱ ጋር ከተለዋወጠ ጥርጣሬው ልክ ነበር። «ቦግ እልም» በአሠራሩ የዚህ ወንድም ነው፤ ከሁለት ሾፌሮች እንደሰማሁት ግን ዝግ ያለና ሰፋ ያለ ፍርርቅን ይገልጻል፤ ሲሞቅ የሚቋረጥ፣ ሲቀዘቅዝ የሚመለስ ነገር ሲኖር ማለት ነው።

የ«ፈዘዘ» ነገር ለሥነ ምዕላድ ተማሪ የተለየ ደስታ አለው። «ፈዘዝ ብሏል» ጥቂት መቀነስን፣ «ፍዝዝ ብሏል» እስከ መጨረሻው መድከምን ይናገራል። ከአንድ ሥር የሚወጡት ሁለቱ ቅርጾች፣ አንዱ የማሳነስ፣ ሌላው የማጽናት ፍቺ ይዘው በአማርኛ ግስ ሁሉ የሚገኙ ናቸው፤ እዚህ ግን የኃይል መለኪያ ሆነው ያገለግላሉ። ቀልድ አይደለም። የክር አምፖል ከሚደርሰው ቮልት አንድ አሥረኛው ሲቀነስበት ከብርሃኑ 30 በመቶ ያህሉን ያጣል። 55 ዋት የሆነ የፊት መብራት አምፖል በ12 ቮልት የሚስበው 4.6 አምፔር ያህል ነው፤ በመንገዱ ላይ የሩብ ኦም ዝገት ካለ ከአንድ ቮልት በላይ እዚያው ይቀራል። ሾፌሩ «ፈዘዝ ብሏል» የሚለው ይህን ነው። ጠጋኙ «ጋዝ ሲሰጡት ይደምቃል?» ብሎ ይጠይቀዋል። ከደመቀ ነገሩ ከባትሪውና ከዲናሞው ወገን ነው፤ ካልደመቀ ከሽቦው ወይም ከማሳው ወገን ነው።

እነዚህን ቃላት ሁሉም ሰው በአንድ ዓይነት ድንበር ይጠቀምባቸዋል አልልም። «ጭል ጭል» እና «ፍዝዝ» ለአንዳንዱ ተናጋሪ አንድ ናቸው። ሆኖም የእጅ ሙያ ያለው ሰው ቃላቱን ከሌላው ሕዝብ አጥብቦ ይይዛቸዋል፤ የሙያ ቃል የሚባለውም ይኸው አይደለምን?

ኩራዝ የተወው ውርስ

ቃላቱ ከየት መጡ ቢባል ከእሳትና ከኩራዝ ነው። ምድጃ ቦግ ይላል፤ ኩራዝ ጭል ጭል ይላል፤ ነፋስ ሲመጣ ድርግም ይላል። አማርኛ ኤሌክትሪክ ሳይመጣ የብርሃንን ጠባይ ሰፍሮ አስቀምጦ ነበር፤ መኪናው ሲመጣ ቃላቱ ተዘጋጅተው ጠበቁት። እዚህ ድረስ የማመሰግነው ነው። ነገር ግን ኩራዝ አብሮ ያወረሰን አንድ ስሕተት አለ። ኩራዝ ጭል ጭል የሚለው ጋዙ ሲያልቅ ነው። ጋዝ ይገባል፣ ይነድዳል፣ ያልቃል፤ የሚመለስ ነገር የለም። ስለዚህ መብራቱ የፈዘዘበት ሾፌር ቀድሞ የሚናገረው «ባትሪው አልቋል» ነው። ደኅና ባትሪ አውጥቶ ሌላ ባትሪ የገዛ ሰው በሞያሌ አጋጥሞኛል፤ ጥፋቱ በአንድ ብሎን ሥር የነበረ ዝገት ነበር። የኩራዙ አማርኛ የመምጫውን መንገድ ያውቃል፤ የመመለሻውን መንገድ አያውቅም። ለዚህ ጉድለት የትምህርት ቤቱ «ዑደት» የሚለው ቃል ጥሩ መድኃኒት ይመስለኛል። ዞሮ መመለስን በውስጡ ይዟል። ከግእዝ የተወሰዱ ቃላት ሁሉ ከሥራ ሰው የራቁ ናቸው የሚለውን ፍርድ የማልቀበለው ስለዚህ ነው፤ «ዑደት»ን ለወጣቱ ፉንዲ ሳስረዳው ወዲያው ገባው።

ጋራዡ ግን የመመለሻውን መንገድ በሌላ ቃል ይዞት ኖሯል፤ «ማሳ» በሚለው። ምንጩ ጣሊያንኛ ነው፤ በዚያ ቋንቋ ክብደት ያለውን አካል፣ በመኪና ሙያ ደግሞ የሻሲውን ብረት ይጠራል። በመጀመሪያው ዝርዝሬ ከጎኑ «መሬት ቢባል ይሻላል» ብዬ ጽፌ ነበር። ዛሬ ሳነበው አፍራለሁ። መኪና በጎማ ላይ የቆመ ነገር ነው፤ ኮረንቲው ወደ መሬት አይሄድም፤ ወደ ባትሪው ነው የሚመለሰው። «መሬት» ለቤት ሽቦ ያገለግል ይሆናል፤ ለመኪና ግን ተማሪን ያሳስታል። «ማሳ»ን ይበልጥ የሚገርም የሚያደርገው በአማርኛ የእርሻ ማሳ መኖሩ ነው። ጣሊያንኛው «ስ»ን ያጠብቃል፤ የእርሻው ማሳ አያጠብቅም፤ ፊደላችን ደግሞ ጥብቀትን አያሳይም። ወጣቱ ፉንዲ ሲናገረው ላልቶ ነው የሰማሁት። በአንድ ሰው አፍ ሕግ ባይወጣም፣ አንድ አማርኛ ተናጋሪ ሾፌር ስለ ምክንያቱ ስጠይቀው «ሁሉም የሚያርፍበት ሜዳ ስለሆነ ነዋ» ብሎ መለሰልኝ። ባዕዱ ቃል የአገር ትርጉም ለብሷል። የቃል ኮሚቴ ይህን ያህል የተሳካ ስያሜ ለማውጣት ስንት ስብሰባ ይፈጅበት ነበር?

የጣሊያንኛው ውርስ በዚህ አያበቃም። አማርኛው «ኮረንቲ» እና ሶማልኛው «ኮሮንቶ» ከአንድ የጣሊያንኛ ቃል የወጡ ናቸው፤ የኬንያው ስዋሂሊ ግን ኮረንቲን «ስቲማ» ይላል፤ ከእንግሊዝኛው የእንፋሎት ቃል የተገኘ ነው። መደበኛው ስዋሂሊ «ኡሜሜ» የሚለው፣ መብረቅ ማለት ጭምር ነው። «ፍሬቻ»ም ጣሊያንኛ ነው፤ ቀስት ማለት ነው። በ1930ዎቹ፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፣ ብዙ የአውሮፓ መኪኖች የሚዞሩበትን አቅጣጫ ያሳዩ የነበረው ከጎናቸው ብቅ በሚል ትንሽ ክንድ ነበር። ክንዱ ከቀረ ዘመን አልፏል፤ ቃሉ ግን ብልጭ ድርግም በሚለው ቢጫ መብራት ላይ ቀርቷል። ዛሬም «ፍሬቻ አሳየ» እንላለን እንጂ «ፍሬቻ አበራ» ማለት አይቀናንም፤ ግሱ የክንዱን ዘመን ሳይረሳ ቆይቷል።

አንድ ቃል፣ ሁለት ተቃራኒ ብልሽት

የቃል ጉዳይ የሰው ሕይወትና ንብረት ጉዳይ የሚሆንበትን ቦታ «ኮንታክት» ያሳየናል። በአማርኛ «ኮንታክት አደረገ» ማለት መነካካት የሌለባቸው ሽቦዎች ተነካኩ ማለት ነው። ቤት ሲቃጠል «በኤሌክትሪክ ኮንታክት» የሚባለው ይህ ነው። በእንግሊዝኛውና በእርሱ በኩል በኬንያ ጋራዦች ግን ቃሉ ተገቢውን መገናኘት ይጠራል፤ ብልሽቱ የኮንታክት አለመኖር ነው። አንዱ ወገን ቃሉን ሲሰማ መቆረጥን፣ ሌላው መነካካትን ያስባል። የሁለቱ ሕክምና ደግሞ ተቃራኒ ነው። የተቆረጠ መንገድ ይቀጠላል፤ የተነካካ ሽቦ ይለያያል።

በአንድ ጋራዥ ያየሁት እንዲህ ነበር። ሾፌሩ «ኮንታክት ነው፣ ፊውዝ እየበላ ነው» አለ። ተለማማጁ ልጅ ከዐረፍተ ነገሩ የያዘው «ኮንታክት» እና «ፊውዝ»ን ብቻ ነው፤ የፊውዙ መገናኛ ላልቷል ብሎ ገመተ። ፊውዙ ደጋግሞ ሲቃጠልበት በቦታው የመዳብ ሽቦ ጠመጠመ። መብራቱ በራ። የመሪው ሥር መጨስ እስኪጀምር ድረስም ሁሉም ደስ ብሏቸው ነበር። እሳት ሳይሆን የባትሪው ገመድ በፍጥነት ተነቀለ። ልጁን የሚወቅስ ሰው አላጣሁም፤ እኔ ግን የምወቅሰው የሁለት አገር ቃላትን ጎን ለጎን ስናስቀምጥ ቅርጻቸው ስለተመሳሰለ ብቻ «አቻ ናቸው» ብለን የምናልፈውን እኛን ነው። በእኔ የመጀመሪያ ዝርዝር «ኮንታክት» በአማርኛና በኬንያ ዓምድ ሥር በእኩልነት ምልክት ተያይዞ ነበር። በዚያው ዐረፍተ ነገር ውስጥ «እየበላ» የሚለው ግስ ብልሽቱን በትክክል ለይቶት እንደነበር ያስተዋልኩት ዘግይቼ ነው፤ ላላ ያለ መገናኛ ፊውዝ አይበላም።

የድንበሩ ሌላ ጣጣ የአቅጣጫ ነው። ኢትዮጵያ ከግራ ወደ ቀኝ መንዳት የተሻገረችው በሰኔ 1956 ዓ.ም. ነው፤ ኬንያ በግራ እንደነዳች አለች። የአጭር መብራት ጨረር ሚዛናዊ አይደለም፤ በቀኝ ለሚነዳ አገር የተሠራው ወደ ቀኝ ከፍ ብሎ የመንገዱን ጠርዝ ያሳያል። ያው መኪና ወደ ኬንያ ሲገባ ከፍ ያለው ጨረር የሚመጣውን ሰው ዐይን ያገኛል። አማርኛ «ረጅም» እና «አጭር» ብሎ ርቀትን ለይቷል፤ ለጨረሩ የጎን ዘንበልታ የተለመደ ስም አልሰማሁም። ሆኖም ስም ባይኖርም ሰዋስው አለ። አንድ ሾፌር «አጭር አድርጌም ያበሩብኛል» ብሎ አማረረልኝ። «አበራልኝ» ማለት ሌላው ሾፌር መንገድ ሰጠኝ፣ ወይም አሳየኝ ማለት ነው፤ «አበራብኝ» ማለት ዐይኔን ወጋኝ፣ ወይም ተቆጣኝ ማለት ነው። በ«ል» እና በ«ብ» መካከል ያለው ልዩነት ለጠጋኙ መነሻ ሆነው፤ አጭር መብራት እያለ ሰዎች የሚያበሩበት ከሆነ ጨረሩ ወደማይገባው ወገን ያዘነበለ ነው። መስታወቱ ላይ በተገቢው ቦታ ጥቁር ፕላስተር ለጠፈለት። ሾፌሩ ሲመለስ ድንበሩ ላይ ይልጠዋል።

ከተቃዋሚ ጋር

ለዚህ ክርክር ሊቀርብ የሚችለው ጠንካራ ተቃውሞ «እነዚህ ምልክቶች ናቸው እንጂ የሙያ ቃላት አይደሉም፤ ጠቅላላው ሕዝብ የሚናገራቸውን መዝገብ ውስጥ ማስገባት ምን ይፈይዳል?» የሚለው ነው። የጤና ቃላትን ማስታወስ ይበቃል። ውጋት፣ ቁርጠት፣ ቁርጥማት፣ ማቅለሽለሽ የማንም ሰው ቃላት ናቸው፤ የሆድ ዕቃ ክፍሎችን ስም ብቻ ዘርዝሮ እነዚህን የተወ የጤና ቃላት መጽሐፍ ግን ለነርስ አይጠቅምም። ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ያሳስበኛል። «ድርግም»ን፣ «ጭል ጭል»ን በአንድ ፍቺ ማሰር ሕያውነታቸውን ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ፍቺያቸው ከመጻፉ በፊት በሥራ ላይ እንዳሉ መሰብሰብ አለባቸው፤ ስብሰባውም ከሥዕል ጋር ሊሆን አይችልም፤ ሥዕል አይፈዝም፣ አይጠፋም።

እኔ ለሚቀጥለው ጉዞ ያዘጋጀሁት ሰሌዳ ነው። ባለ 12 ቮልት ባትሪ፣ ሁለት አምፖል፣ አንድ ፊውዝ፣ አንድ ተለዋዋጭ መከላከያ፣ ሆን ተብሎ የላላ አንድ መገናኛና ማሳውን የሚቆርጥ ማብሪያ በእንጨት ላይ ተገጥመዋል። ተናጋሪው ከፊቱ ይቀመጣል፤ አጥኚው ከኋላ አንዱን ይነካል፤ የሚጠየቀው «ምን ሆነ?» ብቻ ነው። ይኸው ሰሌዳ ለቦረና ኦሮምኛ፣ ለሶማልኛና ለቡርጂኛም ይሠራል። በኦሮምኛ «ኢብሳ» የሚለው ስም ተመዝግቧል ብለን የምንረካ ከሆነ፣ አማርኛ ላይ የሠራነውን ጥፋት በሌላው ቋንቋ መድገማችን ነው።

መሰብሰቡ የሚያስቸኩል ነገርም አለ። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከወሰነች ወዲህ የሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖች መብራታቸው ኤል ኢ ዲ ነው። ኤል ኢ ዲ እንደ ክር አምፖል ቀስ እያለ አይፈዝም፤ ብዙ ጊዜ ብርሃኑን እንደያዘ ይቆይና ኃይሉ ከወሰን ሲያንስ በአንድ ጊዜ ይጠፋል። የድሮው ምልክት የሚያሳስትበትም ቦታ አለ። በክር አምፖል ዘመን «ፍሬቻው ይፈጥናል» ማለት ከአንዱ ጎን አምፖል ተቃጥሏል ማለት ነበር፤ ፍላሸሩ የሚሸከመው ሲቀንስ ይቸኩላልና። ዛሬ ሾፌሩ በክር አምፖሉ ፈንታ ኤል ኢ ዲ ከገጠመ፣ አንድም ነገር ሳይቃጠል ፍሬቻው ይፈጥናል፤ ኤል ኢ ዲው የሚስበው ጥቂት ስለሆነ ነው። ወጣቱ ፉንዲ ይህን ያውቃል። «ይፈጥናል» ሲባል አሁን የሚያስቀድመው «አምፖሉን ማን ቀየረው?» የሚለውን ነው።

በሰሌዳው ላይ ስድስተኛ ማብሪያ ጨምሬያለሁ፤ ከጠፋ በኋላ በትንሽ የሾለከ ኮረንቲ ሌሊቱን ሙሉ እንደ ጥላ የሚታይ ኤል ኢ ዲ የተገጠመበት። ለአራት ሾፌሮች አሳይቻቸዋለሁ። ሁለቱ «ጭል ጭል» አሉ፤ አንዱ «አልጠፋም፣ አልበራም» አለ፤ አራተኛው ረጅም ጊዜ ካየው በኋላ «ይሄ እንኳ አይታወቅም፣ ፉንዲውን ጠይቀው» አለኝ።